ወደ ኋላ የዞረው ወፍጮ

የመብራት መስመር ሠራተኛው ጌጡ ከሞተ በኋላ አርባ ደቂቃ ምሰሶው ላይ ቆየ። ወገቡን የያዘው የሥራ ቀበቶ አልለቀቀውም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ታች ጥሎ፣ ከትራንስፎርመሩ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር። የአጋም ሜዳ ሰው ከሥር ተሰብስቦ ደረቱን ይደቃል እንጂ የሚወጣ አልተገኘም። የገደለው ነገር አሁንም እላይ ይኑር ይሂድ ማን ያውቃል? አይፈረድባቸውም።

በመጨረሻ ያወረደው የሥራ ባልደረባው አማረ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ መጣና ትንፋሹ ሳይመለስ ወጥቶ በገመድ ቀስ አድርጎ አወረደው። ሬሳውን ከታች በክንዱ የተቀበለው ደግሞ አለሙ ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና የጌጡ አበልጅ። የጌጡን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። «አበልጄን! ኧረ አበልጄን!» እያለ አፈር ላይ ሲንከባለል ያየ ሁሉ፣ ድምፅ አጥታ ከቆመችው ከጌጡ ሚስት ከውዴ ይልቅ ለእሱ አዘነ። ሰው መቼም ለሚጮኽ ሐዘን ያደላል።

ነገሩ ለፖሊስ ቀላል መሰለ። የዚያን ዕለት ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አማረ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ምሰሶ ላይ ለሥራው ሲባል ዋናውን የኮረንቲ መስመር ቆርጦታል። ጌጡ አራት ሰዓት ላይ ወጣ፤ አራት ተኩል ላይ ተቃጥሎ ሞተ። የሐኪሙ ወረቀት እጁን የበላው የቤት ኮረንቲ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው ይላል። እንግዲያው የተቆረጠውን መስመር መልሶ የገጠመ ሰው አለ ማለት ነው፤ እዚያ የነበረው ደግሞ አማረ ብቻ ነው። አማረ ታሰረ፤ መዝገቡም ሊዘጋ ጥቂት ቀረው።

በሰባተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ቄስ ከአጋም ሜዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ከተማ በእግራቸው መጥተው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል።

«ልጁን ፍቱት» አሉ። «ጌጡን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተር ሐረገ ወይን ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው። አጭር፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ናት፤ ኪሷ ከሽምብራ ቆሎ አይለይም፤ ስታስብ አንድ አንድ ፍሬ ትቆረጥማለች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራለች። ተመርቃ ምሰሶ ላይ ውጪ ስትባል ከፍታ እንደምትፈራ ታወቀና ሙያው በዚያው ቀረ። ባልደረቦቿ ይህን እያነሡ ይሥቁባት ነበር።

«እንዴት ገደሉት፣ አባ?»

ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። «ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጉባኤ ነበረው። መብራት ሊቋረጥ ስለሆነ ለድምፅ ማጉያው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጀነሬተር አስነሣሁ። ጌጡ በማለዳ መጥቶ፣ ‹አባ፣ ጀነሬተሩን ሲያስነሡ ዋናውን ማብሪያ ያውርዱልኝ› ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት። ማውረዴን ግን አላስታውስም።»

«ካላወረዱ ምን ይሆናል?»

«የጀነሬተሩ ኮረንቲ በሽቦው ሄዶ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይበዛና እላይ ያለውን ሰው ይገድላል።»

ሐረገ ወይን ወደ አፏ የወሰደችውን ሽምብራ መለሰችው።

«ይህን ማን ነገረዎ?»

«የንስሐ ልጄ አለሙ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ‹የእርስዎ ጀነሬተር ነው፤ ግን አንገቴ ቢቆረጥ ለማንም አልተነፍስም› አለኝ። ለእኔ ብሎ ነው። በየማታው እየመጣ ያጽናናኛል። ታዲያ ይህ ወጣት ታስሮ እኔ እንዴት ዝም ልበል?»

«ሆን ብለው አላደረጉትም እኮ፣ አባ። ሕግም ይህን ያያል።»

«የናንተ ሕግ ያያል» አሉ ቄሱ። «ሰው የገደለ እጅ ግን መሥዋዕቱን አይነካም። ሳላውቅ ነው ብል ደሙ ደም መሆኑ ይቀራል? አርባ አንድ ዓመት ቀድሻለሁ ልጄ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ‹መስቀል ያሳልሙኝ› ሲለኝ መንገድ ቀይሬ እሸሻለሁ። እርግጡን ብቻ ንገሪኝ። እኔ ከሆንኩ ክህነቴን አስረክቤ ገዳም እገባለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ለቄሱ ሻይ አስመጣችላቸውና ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

አማረ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሰባት ቀን ግን ጉንጩ ጎድጉዷል።

«መስመሩን ገጥመኸዋል?»

«ብትሰቅሉኝም አልገጠምኩትም። መቁረጫውን ዘንግ ታቅፌ ከምሰሶው ሥር ነበርኩ። ስልክ ተደውሎ ጌጡ ሞተ ሲሉኝ፣ መሬቱ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ።»

«በዋዜማው ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

አማረ አንገቱን ደፋ። «ተጣልተናል። ከመውጣትህ በፊት ሽቦዎቹን በሰንሰለት ከመሬት ጋር እሰራቸው አልኩት፤ የሥራው ደንብ ነው። ድንገት ኮረንቲ ቢመጣ ወደ መሬት ይሄዳል። ሰንሰለቱ ወገዳ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ እናምጣውና እንሥራ አልኩት። ሣቀብኝ። ‹ቤተ ክርስቲያኑን ራሴ አያለሁ፤ የወፍጮ ቤቱን ማብሪያ አበልጄ አወርዳለሁ ብሎኛል። የአበልጄን ቃል በሰንሰለት ልፈትን?› አለኝ።»

ሐረገ ወይን ይህን ከማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

አጋም ሜዳ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የገበያ መንደር ናት። መብራት ከገባ ገና ዓመት ስላልሞላው እስካሁን የደረሳቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንና የአለሙ ወፍጮ ቤት። የሌላው ቤት በተራ ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ ምሰሶውን ከሥር ሆና አየችው፤ ከፍታው ስላስፈራት ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሽቦዎች አንዱ ወገን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱ ወገን ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳሉ። ከላይ ደግሞ የተቆረጠው መስመር አለ። «ሞቱ ከሦስት በር በአንዱ ነው የገባው» አለች ለራሷ።

ውዴ ቤት ስትደርስ አለሙ ያመጣውን ብስኩት የሦስት ዓመት ልጇ ይበላል። ውዴ ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች።

«አቶ አለሙ ይጠይቋችኋል?»

«አበልጄ? በቀን ሁለቴ ይመጣል። እሱ ባይኖር አብጄ ነበር።»

«እሳቸው ስለ መብራት ያውቃሉ?»

ውዴ ከሰባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አምፖል መቀየር ይፈራል እኮ። የመብራቱን ነገር ሁሉ የሚሠራለት ጌጡ ነበር። ያን አዲሱን የወፍጮ ቤት ጀነሬተር ከመሞቱ በፊት ባለው እሑድ ሲገጥምለት ምሳ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ‹አበልጄ፣ አደራህን› ሲለው ሰማሁ፤ ‹የግድግዳውን ማብሪያ ሳታወርድ ይህን ነገር እንዳታስነሣ። በትራንስፎርመሩ ወደ ላይ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለ ሰው ይገድልብሃል። ሰውየው ምናልባት እኔ ልሆን እችላለሁ› አለና ተሣሣቁ። ጀነሬተሩን እንኳ ሳያስነሡት መሸ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ማን ይጠይቀኛል? ሁሉም አማረ ነው ይላል።» የልጇን አፍ ጠረገችና ጨመረች፤ «ሰይጣን ነው የሚሉም አሉ። ከወንዙ ወዲያ፣ ከገደል ማዶ የመጣችው አልጣሽ የዚያን ዕለት ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰይጣን አየሁ ብላ ጠበል ገብታለች። ሕዝቡ መሣቂያ አድርጓታል።»

ሐረገ ወይን ቆሎዋን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ጠበሉ ወረደች።

አልጣሽ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ገበሬ ናት። ልብሷ ረጥቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። መጀመሪያ አልናገርም አለች።

«እሜቴ፣ እርስዎም ሊሥቁብኝ ነው።»

«እኔ ምሰሶ ስለፈራሁ አሥራ አምስት ዓመት የተሣቀብኝ ሴት ነኝ። ንገሪኝ።»

አልጣሽ ሣቀችና ልቧ ከፈት አለ። «ገብሴን በአህያ ጭኜ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ደረስኩ። መብራት የለም አሉ። አያ አለሙ ሁሉንም ‹ጉባኤ ሂዱ፣ እህላችሁን እኔ እጠብቃለሁ› ብሎ ሸኘ። እኔ ወረፋዬን እንዳላጣ ፈራሁና ከጆንያው ጀርባ ጋደም አልኩ። እሱም አላየኝ። መብራት ሲመጣ ወፍጮው ራሱ ይጣራል፤ ማብሪያውን ማንም አያጠፋውማ፤ ልማዳችን ነው። እና ድንገት ወፍጮው ተነሣ።»

«መብራት መጣ ብለሽ ተነሣሽ?»

«ተነሣሁ እንጂ! ደስ ብሎኝ ጆንያዬን ስጎትት ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ አየሁት። በስመ አብ! ወደ ኋላ ይሄዳል! ዘጠኝ ወር እዚህ አስፈጭቻለሁ፣ እሜቴ፤ ላዩ ወደ በሩ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ላዩ ወደ ጓዳው ይሄዳል። ድምፁም ሌላ ነው። እኔ ልጮኽ ስል ውጭ ጩኸት ሆነ። ወፍጮውም ወዲያው ቆመ። ‹ጌጡን ሰይጣን ቀጥቅጦ ገደለው› ስል ሣቁብኝ።»

«ወንዝ አቋርጠሽ እዚህ ድረስ መጥተሽ ለምን ታስፈጫለሽ?»

የአልጣሽ ፊት ጠቆረ። «በኛ በኩል ወፍጮ የለማ። ጌጡ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መብራት ሊያሻግርልን ነበር። ያን ዕለት የወጣውም የኛን ሽቦ ሊቀጥል ነው። የራሳችንን ወፍጮ ልንተክል ተማምለናል።»

«አቶ አለሙ ቅር አላላቸውም?»

«አያ አለሙማ እሰየው ብሎ ሃያ ባሕር ዛፍ ከግቢው ቆርጦ ሰጠን። በሰው ፊት መረቀን።»

አለሙ ኢንስፔክተሯን የተቀበላት ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ነው። ሰፊ ደረት፣ ለስላሳ ድምፅ፣ የጨዋ ሰው አነጋገር አለው። በአካባቢው እሱ ሳይገኝ ሽምግልና አይጀመርም፤ ሐዘን ቤትም ድንኳን አይተከልም።

«በዚያ ሰዓት የት ነበሩ፣ አቶ አለሙ?»

«ጉባኤው ላይ። ጩኸት ስሰማ ሮጬ መጣሁ።»

«ማብሪያውን አውርደው ነበር?»

«በገዛ እጄ። ለአበልጄ ነፍስ እኔ ልዘናጋ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አማረን አትጨክኑበት። ልጅ ነው። ደግሞም...» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አባታችን መጥተው የነገሩሽ ነገር ካለ፣ በእሳቸውም አትጨክኚ። ሽማግሌ ናቸው።»

«ጀነሬተርዎን አሳዩኝ እስቲ።»

አለሙ ከአንገቱ ቁልፍ አወጣና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከፈተ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከአንገቱም አይለይም። ዋናው የግድግዳ ማብሪያ ከክፍሏ በር አጠገብ ነው። ጀነሬተሩ ቀለሙ ያብለጨልጫል።

«አዲስ ነው» አለ አለሙ። «አበልጄ ገጠመልኝ እንጂ ሳያስነሣልኝ ሞተ። አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። እኔ በየት በኩል እንደሚነሣም አላውቅ።»

ሐረገ ወይን ጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ያለውን በኖራ የተቀባ ግድግዳ አየች። እንጀራ የምታህል ጥቁር ጥላሸት ተለጥፋበታለች። በጣቷ ነካቻት፤ ጣቷ ጠቆረ። ጣቷን በመሐረቧ ጠረገች።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችሁንም እዚሁ እፈልጋለሁ» አለች።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰባት ሰዎች ተሰበሰቡ። አማረ ካቴናው ተፈቶለት ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆሟል። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ማዕዘን ይዘው ወለሉን ያያሉ። ውዴ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ አልጣሽ ከጎኗ። አለሙ በራፉ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መብራት አለ፤ ወፍጮው ግን ቆሟል።

«አባ» አለች ሐረገ ወይን፤ «ከእርስዎ ልጀምር። ኮረንቲ እንደ ውኃ በአንድ ወገን ብቻ ይፈሳል የሚል ሰው አለ። በዚህ ሽቦ ውስጥ ያለው እንደዚያ አይደለም። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው እንጨት የሚቆርጡበትን መጋዝ ያስቡ። መጋዙ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመጣል፤ የትም አይደርስም፤ እንጨቱ ግን ይቆረጣል። ይህም በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።»

«ገብቶኛል።»

«ትራንስፎርመሩ ውስጥ ሁለት ሽቦ ብረት ላይ ተጠምጥሟል፤ አይነካኩም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ያ መመላለስ ነው። የባትሪ ድንጋይ ኮረንቲ አይመላለስምና ቢያገናኙት አይሻገርም ነበር። ይህኛው ግን ከላይም ከታችም ይሻገራል። ከላይ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ሲመጣ ለቤት እንዲሆን ያሳንሰዋል፤ ከታች የጀነሬተር ኮረንቲ ቢገባበት ደግሞ መልሶ በሺህ ያበዛዋል። አቶ አለሙ የነገሩዎት እውነት ነው።»

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው እኔ ነኝ።»

«አይደሉም። የእርስዎ ጀነሬተር ስንት ሰዓት ተነሣ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«መሀል ላይ ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ሰባኪው አላቋረጠም።»

«ጌጡ አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያን ራቁቱን ሽቦ በባዶ እጁ ሲቀጥል የመንደሩ ሰው ከታች አይቶታል። የእርስዎ ማብሪያ ክፍት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ገና እንደነካው በሞተ ነበር። ግማሽ ሰዓት በሕይወት ሠርቷል። ማውረድዎን እርስዎ ረሱት እንጂ እጅዎ አልረሳውም፣ አባ።»

ቄሱ አማተቡ።

«ታዲያ አማረ ነዋ!» አለ አለሙ ከበራፉ።

«እሱንም እንየው። አልጣሽ፣ ያየሽውን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ድገሚ።»

አልጣሽ አፈረች። ውዴ እጇን ያዘቻት። «ወፍጮው ወደ ኋላ ዞረ» አለች በመጨረሻ። «እግዜር ምስክሬ ነው።»

«ተኝታ ሕልም አይታ ነው» አለ አለሙ፤ ሣቀም።

«ወደዚህ ሞተር የሚመጡት ሽቦዎች ሦስት ናቸው» አለች ሐረገ ወይን፤ የሰማችውም አልመሰለች። «ሦስት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይታችኋል? ተራ አላቸው። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። ሦስቱ ሽቦዎችም እንደዚያ ተራ በተራ ይገፋሉ፤ ሞተሩም ተራቸውን ተከትሎ ይዞራል። ሁለቱን ቦታ ብታለዋውጧቸው ተራው ይገለበጣል፤ ሞተሩም ወደ ኋላ ይዞራል። ሌላ ምሥጢር የለውም። አማረ፣ ወፍጮውን አስነሣ።»

አማረ ማብሪያውን ገፋው። ቺንጋው ተንቀጠቀጠና ላዩ ወደ በሩ ሮጠ።

«ይህ የመስመሩ ኮረንቲ ነው። አማረ ያን ቀን መስመሩን ገጥሞት ቢሆን ኖሮ ወፍጮው እንዲህ በዞረ ነበር። አጥፋው። አሁን የግድግዳውን ዋና ማብሪያ አውርድ። አቶ አለሙ፣ ቁልፍዎን ይስጡኝ።»

«ነዳጅ የለውም» አለ አለሙ። ድምፁ ለስላሳነቱን አጥቷል።

«ይዤ መጥቻለሁ።»

አለሙ ከአንገቱ ቁልፉን ማውጣት አቃተው፤ ፖሊሱ አገዘው። አማረ ወደ ኋላ ክፍል ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ጀነሬተሩ አጓራ፤ የወለሉ ዱቄት ተንቀጠቀጠ። ወፍጮውም ተነሣ። ቺንጋው ግን ላዩ ወደ ጓዳው ነበር የሚሄደው።

«እሱ ነው!» ብላ አልጣሽ ብድግ አለች። «እሱ ነው! ድምፁም ይኸው ነው!»

ሐረገ ወይን እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ጌጡ ከመሞቱ በፊት ባለው እሑድ ሲገጥመው ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠውበታል። ስላላስነሣው አላወቀም፤ ሌላም ያወቀ ሰው አልነበረም። አቶ አለሙ ራሳቸው፣ ‹አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም› ብለውኛል። ታዲያ አልጣሽ ይህ ጀነሬተር ወፍጮውን ወደ ኋላ እንደሚያዞር በምን አወቀች? ያየችው ተነሥቶ ስለነበር ነው። ጥላሸቱም ግድግዳው ላይ አለ። የክፍሉ ቁልፍ አንድ ነው፤ ያለውም ባንድ አንገት ላይ ነው። የግድግዳው ማብሪያ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ወፍጮው ብቻ በዞረ ነበር፤ ጌጡ የሞተው ማብሪያው ክፍት ስለነበረ ነው። ድምፁን የሰማ ቢኖር የጉባኤው ጀነሬተር ይመስለው ነበር።» ወደ አለሙ ዞረች። «ሁሉን አስበው ነበር። የወፍጮው ማብሪያ በልማድ ክፍት እንደሚቀር ግን ረሱ። ከኋላ ክፍል ሆነው ወፍጮው ሲዞር አላዩም፤ ከጆንያው ጀርባ ሴት መኖሯንም አላወቁም።»

«እኔ ስለ መብራት ምን አውቃለሁ?» አለ አለሙ። «ያልተማረ ሰው ነኝ።»

«ይህ ነው እኮ መጀመሪያ የገረመኝ። ፖሊስም፣ ሐኪምም፣ መንደሩም ‹መስመሩ ተገጥሞ ነው› ሲል፣ ኮረንቲ ከታች ወደ ላይ እንደሚወጣ የተናገሩት አምፖል የሚፈሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለአባታችን። ማን አስተማረዎ?»

የመለሰችው ውዴ ናት።

«ጌጡ ነው።» ከጆንያው ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። «‹አበልጄ፣ አደራህን› ያለህ ነው። እንዳትገድለኝ ብሎ የነገረህን ነው የገደልክበት?»

«ውዴ...»

«ልጄን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ብስኩት ታበላዋለህ! በቀን ሁለቴ! እኔም እግዜር ይስጥህ እላለሁ!» እጇን አነሣች፤ ልትመታው አልቻለችም፤ ፊቷን ሸፈነችበት። «ጠላት ቢገድለው ይሻለኝ ነበር።»

የአለሙ ሰፊ ደረት ወደ ውስጥ ገባ። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ገደል ማዶ ወፍጮ ከተከለ እኔ ማን ነኝ?» አለ። «ሦስት ሰዓት በእግሩ መጥቶ፣ አያ አለሙ ብሎ ጎንበስ የሚለው ሁሉ... እንዲተው ለመንኩት። ሥቆ፣ ‹አበልጄ፣ ለሁላችንም የሚበቃ እህል አለ› አለኝ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያስነሣሁት። ሁለት ደቂቃ።»

«ባሕር ዛፉን በሰው ፊት ሰጥተኸን?» አለች አልጣሽ። ወለሉ ላይ እንትፍ አለችና ወጣች።

ፖሊሱ አለሙን አስነሣው። ካቴናው ሲገባ እንኳ አልታገለም። በራፉ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ዞሮ በጉልበቱ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ እግር ሥር ወደቀ።

«አባ፣ ይፍቱኝ! የንስሐ ልጅዎ ነኝ። ይፍቱኝ!»

ቄሱ ለብዙ ጊዜ የአለሙን ራስ ቁልቁል አዩት። ከአንድ ሰዓት በፊት ክህነታቸውን ሊያስረክቡ የተዘጋጁ ሰው ናቸው፤ ያኔ ቢጠየቁ «እኔ አልችልም» ብለው ይገላገሉ ነበር። አሁን ግን እጃቸው ንጹሕ መሆኑ በሰው ሁሉ ፊት ተነግሯል። ካህን ናቸው፤ እግራቸው ሥር የወደቀውም የገዛ የንስሐ ልጃቸው ነው።

«ማታ ማታ እየመጣህ አጽናናኸኝ» አሉ በቀስታ። «ከእኔ ጋር አለቀስክ። አንተ የገደልከውን እኔ ገደልኩ ብዬ እንዳምን፣ እጄን ይዘህ አስተማርከኝ። አንድ ቀን፣ አንዲት ማታ እንኳ፣ ‹አባ፣ እኔ ነኝ› ብትለኝ ምን ነበረበት? ይህን ለመስማት አይደል የተቀመጥኩት?»

አለሙ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ።

የቄሱ እጅ ከጋቢያቸው ውስጥ ወጣ። መስቀላቸውን ይዟል። ወደ አለሙ ራስ ዝቅ አለና አየር ላይ ቀረ። ሁሉም አዩት።

«አልክድህም» አሉ። «የንስሐ አባትህ ነኝ፤ ወህኒ ቤት ድረስ እመጣለሁ። ዛሬ ግን ‹ይፍታህ› የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

መስቀሉን ከአለሙ ራስ ላይ መለሱና ወደ ውዴ ሄዱ። እሷ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ከውጭ የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ቄሱ ግን ዞር ብለው አላዩም፤ የውዴን ትከሻ ይዘው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር።